የአሥር ቁጥር ፈትል

ከጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እኔ በምሠራበት የሱፍ ፋብሪካ፣ የፈትል ሠራተኞች ክፍያ ከወር ደመወዝ ወደ ኪሎ ተለወጠ።

የተለወጠው ይህ ብቻ ነበር።

ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ወራት የሆነ ነው። ሆኗል። በእኩለ ሌሊት አልሆነም፤ በሕልሜም አላየሁትም። ያየሁት በቀን ነው... ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ባለው የምሳ ዕረፍት፣ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያጋለችው። ከእኔ ጋር ሌሎች ሁለት ሰዎች አይተዋል። ሁለቱም በሕይወት አሉ።

የፋብሪካውን ስም ለዚህ ቻናል አንባቢዎች አልጠቅስም። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ያልራቀ፣ ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ ነው ብል ይበቃል። የሰዎቹንም ስም ለውጬአለሁ። ቀኖቹን ግን አልለወጥሁም።

እኔ በዚያ ፋብሪካ የሰው ኃይልና የደመወዝ ክፍል ባለሙያ ነኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ደንብ አረቃለሁ። ቃል መምረጥ ሥራዬ ነው።

የኪሎውን ደንብ ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ።

ከደንቡ ሁለት አንቀጾችን እዚህ ላስፍር፤ ያለ እነርሱ የሚሆነው ነገር አይገባም።

አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሚዛን ላይ ያረፈ ፈትል ሁሉ፣ በያዘው ቁጥር ስም በዕለቱ ይመዘገባል።»

ሌላው ደግሞ፦ «ለሠላሳ ተከታታይ የሥራ ቀናት ፈትል ያላስመዘነች ሠራተኛ፣ ሥራዋን በፈቃዷ እንደ ለቀቀች ይቆጠራል።»

«በፈቃዷ» የሚለውን ቃል የመረጥሁት ብዙ አስቤ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገድሉ ረቂቁን ሲያነቡ እዚያ ቃል ላይ ቆሙ። ጣታቸውን አሳረፉበት። ካሳ የማያስጠይቅ አጻጻፍ መሆኑን ነግረውኝ አመሰገኑኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

በፈትል ክፍሉ አሥር ሴቶች ነበሩ። ከደጋ በጆንያ የሚመጣውን የበግ ጠጉር፣ ከታጠበና ከተባዘተ በኋላ፣ በእግር በሚረገጥ መፍተያ ይፈትሉታል። እያንዳንዷ የፈተለችውን ልቃቂት አድርጋ ጠቅልላ፣ ቁጥሯ የተቀረጸባትን ትንሽ ቆርቆሮ አስራበት ለመዛኙ ታስረክባለች። መዛኙ ጋሽ ክንዱ ናቸው፤ በዚያ ሚዛን ፊት ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው።

አሥር ቁጥር የአገርነሽ ነበረች።

አገርነሽ የደቅ ደሴት ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ፈትላለች። በፈትል ክፍሉ አየር ላይ ሁልጊዜ የሱፍ ብናኝ አለ፤ የአንዳንዱን ሰው ደረት ይይዛል። የእርሷን ያዘው።

ኅዳር ማብቂያ ላይ ቢሮዬ መጣች። የሕመም ፈቃድ ነበር የፈለገችው። በኪሎ የሚከፈል ሠራተኛ በአዲሱ ደንብ ደመወዝ ያለው የሕመም ፈቃድ እንደሌለው በትሕትና አስረዳኋት። ስናገር አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ታዳምጠኝ ነበር። ሳሏ አጭርና ደረቅ ነው... ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ፋታ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ።

«ስመለስ ቁጥሬ ይጠብቀኛል?» አለችኝ።

«ደንቡ ሠላሳ ቀን ይሰጥሻል» አልኋት።

አመስግናኝ ወጣች።

ኅዳር 30 ቀን ለመጨረሻ ጊዜ አስመዘነች። በማግስቱ እናቷ እንዲያስታምሟት ወደ ደቅ ተሻገረች። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ የማየው ከሚዛን ክፍል የሚመጣልኝን ወረቀት ብቻ ነበር። በወረቀቱ ላይ ደግሞ አሥር ቁጥር አልተቋረጠችም።

ታኅሣሥ 1... ዘጠኝ መቶ ግራም።

ታኅሣሥ 2... ዘጠኝ መቶ ግራም።

ተሽሏት እንደ ተመለሰች ገመትሁ። ከቢሮዬ እስከ ፈትል ክፍሉ ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። ወርጄ አላየሁም።

ጥር 7 ቀን ዘጠኙም ሴቶች ለቀብር ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ፈረምሁላቸው። የማን ቀብር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በጥር 8 ወረቀት ላይ አሥር ቁጥር... ዘጠኝ መቶ ግራም።

---

የካቲት 10 ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ምናሴ የሚባል የደቅ ጀልባ ነጂ ቢሮዬ ገባ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ በር ላይ ባርኔጣውን ያወለቀ ጨዋ ሰው ነው። ከአንዲት ባልቴት መላኩን ነገረኝ። ልጃቸው እዚህ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ የሚገባት ነገር ካለ እናትየው ይጠይቃሉ። ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ የቀበሌ ደብዳቤ አወጣ።

አነበብሁት።

የሟች ስም፣ አገርነሽ። የሞተችበት ቀን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.።

ደግሜ አነበብሁት። ከዚያ መሳቢያዬን ከፍቼ የሚዛን ወረቀቶቹን አወጣሁ።

ጥር 8። ጥር 9። ጥር 10... እስከ የካቲት 8፣ ከእሑድ በቀር አንድም ቀን አልጎደለም። ሁሉም ዘጠኝ መቶ ግራም። ግራም አልጨመረም፤ ግራም አልቀነሰም።

የጥር ክፍያዋን ፈልጌ አገኘሁት። ማንም ሳይወስደው በፖስታው ውስጥ ተቀምጧል።

«ቀኑ ተሳስቶ ይሆን?» ብዬ ምናሴን ጠየቅሁት።

«የምን ስሕተት፣ እመቤቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አፈር ያለበሳት እጄ ነው።»

ነገሩን ለአቶ ገድሉ ማቅረብ ግዴታዬ ነበር፤ አቀረብሁ። እርሳቸው አልደነገጡም። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ትንሽ አሰቡና፣ ሴቶቹ በሞተች ሰው ስም ሲያስመዝኑ ከርመዋል ማለት ነው አሉ። ዘጠኙም። ማጭበርበር ነው። በማጭበርበር የተሰናበተ ካሳ አይከፈለውም።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሁለት መፍተያዎች ለመግዛት ካሰቡ ዓመት አልፏቸዋል። የከለከላቸው የዘጠኙ ሴቶች ካሳ ነበር።

«እስከ ዓርብ ሪፖርቱን ስጪኝ» አሉኝ። «ፈትሉን ማን እንደ ሠራው። አንድ መስመር ይበቃኛል።»

በሩ ላይ ስደርስ፣ የጥር ወረቀቶች ላይ የማጽደቂያው ፊርማ የእኔ መሆኑን እንዳልረሳ አስታወሱኝ።

---

ሰማንያውን እርምጃ ያን ቀን ከምሳ በኋላ ወረድሁ።

ስገባ የመፍተያዎቹ መዘውሮች አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከወደ ጥግ አንዷ፣ «ከደመወዝ ክፍል ሰው ወረደ... ኪሎው ሊቀንስ ነው ወይስ እኛ?» አለች። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እነርሱም ሳቃቸውን አልቀጠሉም።

የሴቶቹ አለቃ እትዬ ዘይነት ናቸው። የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ሰውን ፊት ለፊት የሚያዩ ሴት። ወደ ሱፍ ማከማቻው ይዣቸው ገባሁና ደብዳቤውን አሳየኋቸው። ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

አልካዱም። አገርነሽ ስትታመም ሴቶቹ ወንፈል ገቡላት። በገበሬው አገር ጎረቤት ለታመመ ሰው ማሳ እንደሚወጣለት፣ እነርሱም በየቀኑ ከየድርሻቸው መቶ መቶ ግራም አዋጥተው፣ አንድ ልቃቂት አድርገው፣ የእርሷን ቆርቆሮ አስረው አስመዘኑ። ሠላሳው ቀን እንዳይሞላባት። ተሽሏት ስትመለስ መዘውሯ እንዲጠብቃት።

ዘጠኝ ሴት፣ መቶ መቶ ግራም። ዘጠኝ መቶ።

ከሞተችም በኋላ ለምን እንደ ቀጠሉ ጠየቅኋቸው።

እትዬ ዘይነት አዩኝ።

«አልቀጠልንም» አሉ።

«ወረቀቱ...»

«ልጄ፣ ስሚኝ። ጥር ስድስት ማታ መርዶው መጣ። በነጋታው ዘጠኛችንም ደቅ ሄደን ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ አንድ ክር በስሟ አልፈተልንም። የሙት ሰው ሥራ ይሠራል እንዴ?»

«ታዲያ ቆርቆሮዋ የት ነው?»

ከውጭ የአንዲት ሴት መዘውር ብቻ ይሰማል።

«ስትገነዝ በእጇ አስይዘናታል» አሉ በሹክሹክታ። «አሥራ አንድ ዓመት የያዘችው ነው ብለን። አብሯት ነው የገባው።»

ተያይዘን ወደ ሚዛን ክፍል ሄድን።

ጋሽ ክንዱ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ከዚያ የሚሉትን አሉ። ከጥር 8 ጀምሮ በየቀኑ፣ ሁሉም ሰው ለምሳ ሲወጣ እርሳቸው ክፍሉን ቆልፈው ይወጣሉ። ሲመለሱ ሚዛኑ ላይ አንድ ልቃቂት ያገኛሉ። አሥር ቁጥር ታስሮበት። እርሳቸውም ሴቶቹ ለሟች እናት ብለው ወንፈሉን የቀጠሉ መስሏቸው፣ እንዳያፍሩ ብለው ሳይጠይቁ መዘገቡ።

«ሚዛን ላይ ያረፈ ሁሉ ይመዘገባል ይላል ደንቡ» አሉኝ።

አዎን። ይላል።

«ቁልፉ ከማን ዘንድ ነው?»

ጋሽ ክንዱ አንገታቸው ላይ ያሰሩትን ማተብ ሳብ አደረጉ። ቁልፉ ከመስቀላቸው ጋር ታስሯል።

ከዚያ የዚያን ቀኑን ልቃቂት ከመደርደሪያው አውርደው ሰጡኝ።

የሌሎቹ ልቃቂት ደረቅ ነው። ይህ እርጥበት ነበረው። አሸተትሁት... የሱፍ ሽታ ሳይሆን የሐይቅ ዳር ደለል ሽታ ነው ያለው። ቆርቆሮዋን ገለበጥኋት። በተቀረጸችው ቁጥር ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር አፈር ገብቷል።

እትዬ ዘይነት ቆርቆሮዋን አልነኩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ።

---

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን፣ ሦስታችንም ለምሳ አልወጣንም።

የሚዛን ክፍሉ ጠባብ ነው። ልቃቂት የሚመዘንበት ትንሹ ሚዛን ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ጆንያ የሚመዘንበት ትልቁ የወለል ሚዛን ጥግ ላይ። በአንድ ወገን ወደ ፈትል ክፍሉ የሚያሳይ መስኮት አለ። ጋሽ ክንዱ በሩን ከውስጥ ቆለፉት። ትንሹን ሚዛን አየሁት። ባዶ ነው። መርፌው ዜሮ ላይ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ ተደወለ። ሴቶቹ እያወሩ ወጡ። የአንዷ ጫማ ድምፅ ወደ በሩ ራቀ... ጠፋ።

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን።

አሥሩም መዘውሮች ቆመዋል። የአገርነሽ መዘውር ከቀብሯ ቀን ጀምሮ በነጠላ ተሸፍኗል። ከጣሪያው ቀዳዳ የገባ የፀሐይ ጮራ እዚያው ላይ ወድቋል፤ ብናኙ በጮራው ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ምንም የለም።

ራሴን መገሠጽ ጀመርሁ። የተማርሁ ሰው ነኝ። ቁልፉን አስመስሎ ያስቀረጸ ሰው ይኖራል፤ አንድ የተደበቀ በር ይኖራል። ሪፖርቱን በልቤ መጻፍ ጀመርሁ።

ጋሽ ክንዱ ክንዴን ያዙኝ።

«ነጠላው» አሉ።

ነጠላው መዘውሩ ላይ የለም። መሬት ላይ፣ አራት ታጥፎ ተቀምጧል።

ሲወርድ አላየነውም። ሦስታችንም ዓይናችንን አልነቀልንም ነበር... ግን አላየነውም።

ከዚያ መርገጫው ወረደ። ተመለሰ። ወረደ።

መዘውሩ ዞረ።

በወንበሩ ላይ ማንም የለም። ይህን እጠነቅቃለሁ፤ ጥላም አላየሁም፣ መልክም አላየሁም። ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ከመዘውሩ አጠገብ ባለው ቅርጫት ውስጥ ያለው የተባዘተ ሱፍ እየቀነሰ ሄደ። በፀሐዩ ጮራ ውስጥ ያለው ብናኝ ደግሞ፣ ከወንበሩ በላይ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ አፉ በሚደርስበት ቁመት ላይ፣ መውረዱን ተወ። ወደ ውስጥ ይሳባል... ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ።

ይተነፍሳል።

እትዬ ዘይነት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የሚሉት አይሰማም።

ያን ጊዜ ሳሉ መጣ።

ሁለት ጊዜ። ፋታ። አንድ ጊዜ።

ብናኙ በእያንዳንዱ ሳል ተበተነ። እንደገና ተሰበሰበ። መርገጫው ቀጠለ።

ምን ያህል እንደ ቆየ አላውቅም። መዘውሩ ዝም ሲል ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። በሩ አልተከፈተም። የእግር ኮቴ አልሰማንም። ከኋላችን ግን አንድ ትንሽ ድምፅ ተሰማ... የሚዛን ሳህን ሲወርድ የሚሰጠው ድምፅ።

ዞርን።

ልቃቂቱ ትንሹ ሚዛን ላይ ነበር። መርፌው ዘጠኝ መቶ ላይ ደርሶ ይንቀጠቀጣል።

ጋሽ ክንዱ አማተቡ። ከዚያ እስክሪብቶአቸውን አንሥተው በመዝገቡ ላይ ጻፉ። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ እጅ ነው።

እኔ ልቃቂቱን ነካሁት። ሞቃት ነበር። ከሰው ጉያ እንደ ወጣ።

«ምንድን ነው የምትፈልገው?» አልሁ።

እትዬ ዘይነት በእጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አልገባሽም እንዴ፣ ልጄ? ወንፈሏን እየመለሰች ነው።»

እጄን ከልቃቂቱ ላይ አነሣሁ።

«ወንፈል በብር አይመለስም» አሉ። «አንድ ቀን ከወጡልሽ አንድ ቀን ትወጫለሽ። እኛ ለእሷ ብለን ነው እንጂ እንድትመልስልን አልነበረም። ግን እሷ እንዲህ ናት። የሰው ጨው እንኳ ተበድራ አታሳድርም ነበር።»

ስንት ቀን እንደ ሠሩላት ጠየቅኋቸው። ከታኅሣሥ 1 እስከ ጥር 6፣ እሑዶቹና ገና ሲቀነሱ... ሠላሳ ቀን። መዝገቡን ገልጠን ከጥር 8 ወዲህ ያለውን ቆጠርን። የዚያን ቀኑ ሃያ ዘጠነኛው ነበር።

«እንግዲህ አንድ ቀራት» አሉ ጋሽ ክንዱ።

---

ረቡዕ የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ነው፤ ፋብሪካው ዝግ ነበር። ቤቴ ተቀምጬ ሪፖርቱን ለመጻፍ ሞከርሁ።

ፈትሉን ዘጠኙ ሴቶች ሠርተውታል ብዬ ብጽፍ፣ ሐሰት ነው፤ ዘጠኙም ያለ ካሳ ይሰናበታሉ። አልሠሩትም ብዬ ብጽፍ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ማን ሠራው የሚል ነው። አላውቅም ብዬ ብጽፍ፣ አቶ ገድሉ የሚፈልጉትን በራሳቸው ቃል ይሞሉታል። ሦስቱንም በየወረቀቱ ጻፍኋቸው። ሦስቱንም ቀደድኋቸው።

ማታ ስልኬ ጠራ። አቶ ገድሉ ናቸው። የመፍተያዎቹን ዋጋ የሚያሳይ ደብዳቤ እንደ ደረሳቸው ነገሩኝና፣ ነገሩን ሳላወሳስብ እንድጨርሰው መከሩኝ። ሴቶቹ ሌላ ሥራ አያጡም አሉ።

የትኛውን ሥራ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሐሙስ የካቲት 13 ቀን፣ ሦስታችንም እንደገና ሚዛን ክፍሉ ውስጥ ነበርን። ደወሉ ተደወለ። ሴቶቹ ወጡ። በሩ ተቆለፈ።

መዘውሩ ያን ቀን በዝግታ ነበር የዞረው። መርገጫው ይወርዳል... ይቆያል... ይመለሳል። እትዬ ዘይነት መስኮቱ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ «በርቺ፣ እህቴ... አለቀልሽ እኮ» ይሏት ነበር፣ ሸክም ያላት ሴት አቀበት ስትጨርስ እንደሚባለው።

ሳሉ በዛ። ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ የሚለው ሥርዓቱ ጠፋ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ መዘውሩ ቆመ።

ወደ ትንሹ ሚዛን ዞርን። ባዶ ነው።

«የት አለ?» አልሁ።

ጋሽ ክንዱ በአገጫቸው ወደ ጥጉ አመለከቱ። ልቃቂቱ ትልቁ የወለል ሚዛን ላይ፣ መካከሉ ላይ ተቀምጧል። ሄደው አነሡት። ትንሹ ሚዛን ላይ አድርገው መዘኑት፤ ዘጠኝ መቶ። መዘገቡት። ሠላሳ ሞላ።

እትዬ ዘይነት ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «አላህ ይማርሽ» አሉ። እኔም የሆነ ነገር ከትከሻዬ የወረደ መሰለኝ።

ጋሽ ክንዱ ግን ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም። ትልቁን ሚዛን እያዩ ቆመው ነበር።

«ልጄ... ነይማ» አሉኝ።

ሄድሁ።

የወለል ሚዛኑ ላይ ምንም የለም። ልቃቂቱ ተነሥቷል፤ ብረቱ ባዶ ነው። መርፌው ግን ዜሮ ላይ አይደለም።

ሠላሳ ስምንት ኪሎ።

መርፌው አልቆመም። በጣም በጥቂቱ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። ከፍ... ዝቅ። ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ሲተነፍስ መርፌው እንዲህ ይሆናል።

ጋሽ ክንዱ ሚዛኑን በእግራቸው ቀስ ብለው ነቀነቁት። መርፌው ዘለለ፤ ተመልሶ እዚያው ላይ አረፈ። ሠላሳ ስምንት።

«ተበላሽቶ ይሆን?» አልሁ።

«ጠዋት ጆንያ መዝኜበታለሁ» አሉ።

እትዬ ዘይነት ቀረቡ። መርፌውን አዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ወደ ደቅ ስንሸኛት መራመድ አቅቷት ነበር» አሉ። «አቅፌ ጀልባው ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የምትመዝነው ይህን ያህል ነበር።»



መርፌው በድንገት ዘለለ። ሁለት ጊዜ። ፋታ። አንድ ጊዜ።

በክፍሉ ውስጥ ድምፅ አልነበረም።

«የእኛን ጨርሳለች» አሉ እትዬ ዘይነት በሹክሹክታ። «ከእኛ ጋር የቀራት የለም። የቆመችው ለአንቺ ነው፤ ደንቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

ጋሽ ክንዱ መዝገቡን ገልጠው፣ እስክሪብቶአቸውን ይዘው ይጠብቁኝ ነበር።

«ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?» አሉኝ።



ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ ተደወለ። በሩ ተከፈተ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ገቡ፤ አንዷ ዳቦ ይዛልን መጥታ ነበር። ዘጠኙ መዘውሮች መዞር ጀመሩ። የሱፍ ጆንያ የተሸከሙ ሁለት ወዛደሮች ሚዛን ክፍሉ ድረስ መጡና፣ ጋሽ ክንዱ ዛሬ ትልቁ ሚዛን አይሠራም ብለው መለሷቸው።

የሥራ ሰዓት እስኪያበቃ እዚያው ቆየሁ። መርፌው አልወረደም።

ዓርብ ጠዋት፣ ጋሽ ክንዱ ከፍተውልኝ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ገብቼ አየሁት። መርፌው ሠላሳ ስምንት ላይ ነበር። ይተነፍሳል። በሚዛኑ ብረት ላይ፣ ጫማ የሚያርፍበት ቦታ፣ የሁለት ባዶ እግሮች እርጥብ ቅርጽ ነበር... ጣቶቹ ወደ ቢሮዬ አቅጣጫ የዞሩ።

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሪፖርቱን ለአቶ ገድሉ አስረከብሁ። እንዲህ ይላል፦

«ከጥር 8 ቀን እስከ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በአሥር ቁጥር የተመዘነውን ሃያ ሰባት ኪሎ ፈትል የሠራችው ሠራተኛ አገርነሽ ናት። ክፍያው ለእናቷ እንዲፈጸም አጽድቄአለሁ።»

ፈርሜበታለሁ።